ከምንጩ ዓይን

ጥቅምት 8

ለልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጺሜን ራሴ እላጫለሁ፤ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፤ መነጽሬን ካደረግኩ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ቧንቧ በጨለማ ብትሰጪኝ በጣቴ ዳስሼ ስንት ኢንች እንደሆነ እነግርሻለሁ። ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም። «አባባ፣ ደህና ነኝ ደህና ነኝ የሚለውን ይተዉትና እውነቱን ይንገሩኝ» ስላልሽ ነው። ይኸው እውነቱ።

የስልኩን ነገር ተይው። ስልክ ላይ ድምፅሽ ንብ የገባበት ቆርቆሮ ነው የሚመስለኝ። ጎረቤት ጠርቶ «ምን አለች?» ማለት ደግሞ አልለመደብኝም። ፊደሌ ጠማማ ነው፣ ታውቂዋለሽ፤ ግን የራሴ ነው።

የላክሽልኝን ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ ለፖስታው መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። እንዳልሽው አፉን በሰም አሽጌ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። አምና በቀዳሁልሽ ውሃ ውስጥ ያገኘሻቸውን ፍጥረቶች ዘር በበረዶ አስቀምጠሽ፣ መብራት ጠፍቶ በረዶው ሲቀልጥ ሞቱብኝ ብለሽ ስትጽፊ፣ ይቅር በይኝና ሳቅኩ። እንቁላል በሚቀቅል ውሃ ውስጥ ኖረው ኖረው በረዶ ሲቀልጥባቸው ሞቱ! ሰው ቢሆኑ ኖሮ አሟሟታቸውን ለመናገርም ያሳፍር ነበር።

ከየት እንደተቀዳ ጠርሙሱ ላይ ይጻፉበት ብለሻል። «ከምንጩ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሌላ ከየት ይቀዳል? ዕድሜዬን በቧንቧ ሠራተኝነት የፈጀሁበት ይህ መታጠቢያ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ያለው ፍል ውሃ አንድ ነው። ከተራራው ወደ ገንዳው ያወረድኩትም እኔ ነኝ።

ስለ አጎትሽ ጠይቀሻል። አለ። ከሩቅ አየዋለሁ።

ጉልበትዎስ ላልሽው፣ ደህና ነው።

አባትሽ


ኅዳር 4

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ምንም አልበቀለም ማለትሽ አሳዘነኝ። ቀጥለሽ የጠየቅሽኝ ግን አናደደኝ። «እስከ ምንጩ ዓይን ወጥተው ነው የቀዱት?» ትይኛለሽ? እኔን? እዚያ አቀበት ላይ ቧንቧ ተሸክሜ ስመላለስ አንቺ አልተወለድሽም። የላይኛውን የብረት በር የተከልኩት እኔ ነኝ። እናትሽ ምሳዬን ይዛ እዚያ ድረስ ትመጣ ነበር። ጭቃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል እያየች «ይሄ መሬት ታሟል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ምናልባት ጠርሙስሽ ነው። ሳሙና ቀርቶበት ይሆናል። ወይ ሹፌሩ ፀሐይ ላይ አቁሞት ውሎ ይሆናል። ምን አውቃለሁ፤ መንገድ ነው።

ውሃው ለምን ጠራ ላልሽው፣ አዎ ጠርቷል። የተማሩ ሰዎች ፊት የአባትሽ ጠርሙስ ደፍርሶ ቢቀርብ ደስ ይልሽ ነበር? ስለ ሽታው የጠየቅሽኝ ደግሞ አልገባኝም። የመታጠቢያ ቤት ውሃ የመታጠቢያ ቤት ሽታ ይሸታል።

ቁጣዬን አትያዢብኝ። ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽው በሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ። ወረቀቱ አልቋል።

አባትሽ


ኅዳር 21

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። እርስዎን ይተዉት ብዬ እኔው ጀመርኩት። ደህና አይደለሁም።

ስላስቆጣሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጠየቅኩዎት እርስዎን ስላላመንኩ አልነበረም። እኔን ያላመኑኝ ሰዎች ስላሉ ነው።

ምን እንደምሠራ በቅጡ ነግሬዎት አላውቅም። «የጭቃ ትል ጠባቂ» እያሉ ስለሚስቁብኝ እተወዋለሁ። ዛሬ ግን ሳይስቁ ይስሙኝ። በእኛ ምንጭ ጭቃ ውስጥ አርኬያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች አሉ። ባክቴሪያ ይመስላሉ፣ ግን ዘራቸው ለብቻ ነው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር አለ፤ እንዴት እንደሚኖሩ የሚነግራቸው፣ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ ነው ይበሉት። አንዱ ተከፍሎ ሁለት ሲሆን ጽሑፉ መገልበጥ አለበት። ገልባጮቹ ፖሊመሬዝ ይባላሉ። ችግሩ ሙቀቱ ነው። እንዲያ ያለ ሙቀት ፊደል ያበላሻል፤ አንዱን ወደ ሌላ ይለውጠዋል፣ አንዱን ነቅሎ ይጥለዋል።

ዋናው ገልባጭ እጅግ ጠንቃቃ ነው። እዚያ መገኘት የሌለበት ፊደል ከፊቱ ካለ፣ ገና አራት ፊደል ያህል ሲቀረው ይሰማዋል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስህተት ከምጽፍ ልሙት የሚል ዓይነት ነው። እዚያው ቆሞ ከቀረ ደግሞ እውነትም ሞት ነው፣ የፍጥረቱ ሁሉ። ያኔ ሌላ ገልባጭ ይገባለታል። የእሱ እጅ ሰፊ ነው፣ አያማርጥም፤ የተበላሸው ፊደል ላይ የመሰለውን ጽፎ ያልፋል። አንዳንዴ ይሳሳታል። ጥቂት ይሄድና ይለቃል፣ ጠንቃቃው መልሶ ይቀበለዋል። ጉዳቱን አልጠገነውም፤ ጠጋኞች ሌሎች ናቸው፣ በኋላ ይመጣሉ። እሱ ያደረገው፣ ጉዳቱ እዚያው እያለ ሥራው እንዳይቆም ነው።

አይቆጡኝና፣ ይህን ለተማሪዎች ሳስረዳ ሁልጊዜ የምትመጡብኝ እርስዎና አጎቴ ጋሼ ግምቴ ናችሁ። እርስዎ ፀጉር የምታህል ክፍተት ካዩ ሥራውን አቁመው መታጠቢያ ቤቱን ሙሉ ሰው ሳሙና እንደተቀባ ያስቆማሉ። እሱ በዓይኑ ይለካል፣ ክፍተቱ ላይ ቃጫ ይጠመጥማል፣ «ሲሄድ ይስተካከላል» ይላል። ግምቴ ያሉትም ለዚሁ አይደል? የእሱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ውሃ ግን ቀርቶ አያውቅም። እማዬ ምን ትል እንደነበር ያስታውሳሉ? «ወንድሜ ባይኖር ባሌ በጥንቃቄ ይጨርሰኝ ነበር።»

አሁን ወደ መከራዬ ልምጣ። ከእኛ ምንጭ ያገኘሁት አርኬያ ያ ሁለተኛው ገልባጭ ከሌለው፣ ጉዳት ሲበዛበት እንደማይተርፍ አይቼ ጻፍኩ። እናረጋግጥ፣ ዘሩን ስጪን አሉኝ። ዘሩ የለም። ከአባቴ ውሃ መልሼ አወጣዋለሁ አልኩ። ከእርስዎ ውሃ ምንም አልወጣም። አሁን መምህሬ «መጀመሪያስ ነበረ ወይ?» ይላል። እስከ የካቲት ካላሳየሁ ጽሑፌ ይሰረዛል፤ ያልነበረ ነገር ፈጥራ ጻፈች ተብዬ ከዚህ እባረራለሁ።

በስብሰባው ላይ አንዱ «ምናልባት ውሃው ከሌላ ቦታ ተቀድቶ ይሆናል። ማነው የቀዳው?» አለ። «አባቴ» አልኩ። ሳቁ። ብድግ አልኩና «አባቴ አይዋሽም፤ ከምንጩ ካለ ከምንጩ ነው» አልኩ። መምህሬ «እንግዲያው ጥፋቱ የውሃው አይደለም» አለ። የተቀመጥኩ ጊዜ ነው የገባኝ፤ የማመልጥበትን በር በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ።

ቢሆንም በመናገሬ አልጸጸትም። ጠርሙሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ንጹሕ ነበር። አባባ፣ እንደገና አልጠይቅዎትም። የጠየቅኩዎትን ያውቁታል።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 3

ለልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ነው የሰነበትኩት። «ለልጄ» ብዬ እጀምርና እቆማለሁ። ያ ገልባጭሽ አራት ፊደል ሲቀረው ነው የሚቆመው፤ ከእኔ ይሻላል። አንዱን ወረቀት ስለ ብርዱ ጽፌ ሞላሁት። ሌላውን ስለ መታጠቢያ ቤቱ ኃላፊ አዲስ ጫማ። ራሴው አነበብኩትና አፈርኩ።

ሹፌሩ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ «ልጅዎ እንዴት ብትወድዎት ነው እንዲህ የምትጽፈው!» አለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሲሄድ በሩን ዘጋሁ። ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ ግን ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። የቱን ፊት ከማን እንደምሸፍን እኔም አላውቅም።

ከምንጩ ዓይን አልቀዳሁም።

ይኸው ቃሉ ወጣልኝ። ከገንዳው በታች ካለው ቫልቭ ነው የቀዳሁት፤ ገንዳው ደግሞ ክሎሪኑ የሚጨመርበት ነው። ገላ ታጣቢው እንዳይታመም ጀርም የሚገድለው ያ ዱቄት፣ ለስንት ዘመን በእጄ የሰፈርኩት። ቫልቩን ስከፍት አውቄ ነው አልልሽም። ሳላውቅ ነው ብልሽም ሌላ ውሸት ነው። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ቧንቧው የእኔ ቧንቧ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ምን ይለወጣል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሽታውን ስትጠይቂኝ ግን ገብቶኛል። ወዲያው ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲያ ነው ጠርሙስሽን የሰደብኩት።

ለምን አልወጡም ትይኛለሽ። ክረምት ላይ ገንዳው ደረጃ ላይ ወድቄያለሁ። ዳሌዬ ነው። በከዘራ ነው የምሄደው፣ አቀበት የሚባል ነገር ቀርቷል። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ ያልኩሽ እውነት ነው፤ የምታሰጣው ግን ጎረቤቴ ናት። ኃላፊው መጥቶ «አባቴ፣ አሁን ይረፉ» አለኝና የላይኛውን በር ቁልፍ ተቀበለኝ። እኔ የተከልኩትን በር። ወስዶ የሰጠው ለማን መሰለሽ? ለግምቴ።

እንግዲህ ውሃሽን ለማግኘት የእሱን በር ማንኳኳት ነበረብኝ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ አንኳኩቼው አላውቅም። ተጣልተንም አይደለም። ሁልጊዜ ተጣልተን ነው የኖርነው፤ አስታራቂያችን እሷ ነበረች፣ እሷ ስትሄድ ባለንበት ቆምን። እና በአንድ ወገን የእሱ በር፣ በሌላ ወገን የአንቺ እንጀራ። በሩ ከበደኝ። ጽፌ ሳየው ነው ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ የታየኝ።

«አባቴ አይዋሽም» አልሽ። እየሳቁብሽ ቆመሽ አልሽ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ነገ አንኳኳለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 7

ለልጄ፣

አንኳኳሁ። ከፍቶ እኔን አየኝ፣ ከዘራውን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ።

«ምን ፈነዳ?» አለኝ።

«ምንም አልፈነዳም።»

«እንግዲያው ሞቻለሁ ማለት ነው። አንተ ይህን በር የምትረግጠው ለቀብሬ ብቻ ነው ብዬ ነበር።»

«ዞር በልና አስቀምጠኝ። ቆሜ የምናገረው ነገር አይደለም።»

ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ካርቶን አጥፎ ደግፎታል። ራሱ የሠራው እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ቫልቩን፣ ያልሽውን፣ የመለስኩልሽን። ይስቃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«እና ከክረምት ጀምሮ ይህ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር» አለኝ። «የእህቴ ልጅ ውሃ ትለምናለች፣ አንተ ከገንዳው ካኔላ ትቀዳላታለህ።»

«አዎ።»

«አንተ ነህ እኔን በግምት ትሠራለህ የምትለኝ?»

ወለሉን አየሁ። ወለሉም ልኩ አይደለም።

ወዲያው ተነሳና ያመጣሁትን ባዶ ጠርሙስ ይዞ ወደ ምንጩ ወጣ። እኔ ከታች፣ ከገንዳው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ዝም ማለት ደግሞ አልቻልኩም። «ከዳሩ እንዳትቀዳ፣ ከመሃሉ!» አልኩት። «እሺ!» አለኝ። «ሙቀቱን ለካኸው?» «ለክቼዋለሁ!» «በምን?» «በጣቴ!»

ሲወርድ ጠርሙሱ ግማሽ ነው። ውጪው በጭቃ ተለቅልቋል። ከየት እንደተቀዳ የሚናገረውን ወረቀት ገልብጦ ለጥፎታል፣ ቡሹ ተጣሞ ገብቷል። ጣቱ ቀልቷል፤ «አልተሰማኝም» ይላል፣ ውሸታም። ግን የእሱ ውሸት የሚያቃጥለው ራሱን ብቻ ነው።

ልጄ፣ በሌላ ቀን ቢሆን መልሼ እልከው ነበር። ግማሽ ጠርሙስ ምን ይባላል ብዬ ከነጠርሙሱ አባርረው ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ቆሞ ያየኛል፣ ያለከልካል፤ እሱም ወጣት አይደለም። አፌን ዘጋሁ። «በቂ ነው» አልኩት። ከንፈሬ ላይ ሲወጣ እንግዳ ቃል ሆነብኝ።

እንዳለ ልኬልሻለሁ። አላጠብኩትም፣ አላጠለልኩትም፣ ወረቀቱን አላቃናሁትም። ሹፌሩ «ይሄ ምን ጉድ ነው?» ሲለኝ «ጭቃ ነው፣ ለልጄ» አልኩት።

ይብቀል አይብቀል አላውቅም። ባይበቅል እንኳ የቀደመውን ደብዳቤ ጣይው አልልሽም። ያሻሽን አድርጊበት።

አባትሽ


ጥር 9

ለልጄ፣

በቀሉ አልሽ። ደብዳቤውን ይዤ ግምቴ ጋ ሄድኩ። ከዘራ ይዤ ለመሄድ አፍሬ በጓሮ ዞርኩ፤ ጓሮው ደግሞ ይረዝማል፣ ደክሞኝ ደረስኩ። አነበብኩለት። «ከግማሽ ጠርሙስ?» አለ። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ «ከግማሽ ጠርሙስ?» ብሎኛል፣ እንድሰማው ነው። ሰምቻለሁ።

የታኅሣሥ ሦስቱን ደብዳቤ ለእነዚያ ሰዎች ላሳይ ወይ ብለሽ ፈቃዴን ጠይቀሻል። የመጀመሪያው ጠርሙስ ለምን ባዶ እንደሆነ የሚነግራቸው ሌላ ነገር የለም ብለሻል። ገብቶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ጽሕፈት ቤቱ ያለው ልጅ በማሽን አሳምሮ እንዲጽፈው ነበር። «ጤንነቴ ባለመፍቀዱ ምክንያት» የሚል ነገር ይገባበታል፤ እሱ ያውቅበታል። ከፊቱ ተቀምጬ ምን ልጻፍልዎ ሲለኝ ግን ተነስቼ ወጣሁ። ያማረ ወረቀት ከላክሁ እንደገና የጠራ ውሃ መላኬ ነው።

ስለዚህ ያንኑ አሳዪያቸው። ፊደሉ ተዘበራርቋል፣ አንዳንድ ቦታ ቃል ዘልያለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ የረጠበ ነገር አለ፤ ይለፍ። ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሲያነቡት ይስቁ ይሆናል። ያን ጊዜ ብድግ እንዳትዪ። ተቀመጪ። ይሳቁ።

ኃላፊው ሰዎች ይላኩልዎ፣ እኛ እንረዳዎ ይላል፤ አንቺም እኔ መጥቼ ሁሉን አስተካክላለሁ ብለሻል። ነይ፣ ደስ ይለኛል። ግን የማስተካከሉን ነገር ተይልኝ። ያለብኝን አውቃለሁ፣ የምመልሰውም እኔ ነኝ። ለመምህርሽ ይቅርታ አለብኝ፤ ልጄ አልዋሸችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ በራሴ እጅ እጽፍለታለሁ። ለሹፌሩ፣ ፀሐይ ላይ አቁሞት ይሆናል ብዬ ስሙን ያነሳሁበት አለብኝ፤ እሱ አያውቅም፣ ግን እነግረዋለሁ። ጠርሙሱን ባጠበው እጅሽም ላይ ያልኩት አለ። ለኃላፊው፣ ቁልፉን ሲቀበለኝ የተናገርኩትን ክፉ ቃል እሱም እኔም አንረሳውም፤ በይቅርታ እመልስለታለሁ። ለእናትሽ፣ ከወንድሟ ጋር ለመነጋገር የእሷን መኖር መጠበቄ አለብኝ። «አባቴ አይዋሽም» ላልሽው ደግሞ በአንድ ደብዳቤ አይከፈልም። ከዚህ በኋላ እንዴት ነዎት ስትዪኝ በጻፍኩልሽ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እከፍለዋለሁ፤ ዛሬ ዳሌዬን አሞኛል፣ ጀምሬያለሁ።

አንድ ይቀራል። ከምንጩ ዓይን የተቀዳ ጠርሙስ አለብኝ፣ ሙሉ፣ በራሴ እጅ። ብርዱ ሲያልፍ እወጣለሁ። ቁልፉን ግምቴ ይይዛል፤ እኔ የግምቴን ትከሻ እይዛለሁ።

አባትሽ